ከፈረስ ወርዶ ሰላም ማለት

አጎቴ ሰው አክባሪ ነው። ይህን ያልሁት ዘመዴ ስለሆነ ላሞግሰው ፈልጌ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ሁሉ የመጣው ከዚሁ አክብሮቱ ስለሆነ ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እንጅባራ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የተማሪ ወንበር፣ ብቻ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል። ቤቱ በሦስት በኩል በቆርቆሮ የተከለለ ሲሆን በመንገዱ በኩል ክፍት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከደንበኛ ቀድሞ ይገባል። መሀል ላይ የመሰንጠቂያው ማሽን ቆሟል። ሲያዩት የብረት ጠረጴዛ ይመስላል፤ ከጠረጴዛው መሀል ክብ መጋዝ ብቅ ብሏል፤ ጣውላውን በእጅ እየገፉ ወደ መጋዙ ይሰዱታል። በዚህ ማሽን ላይ የሚሠራው አጎቴ ብቻ ነው። የግራ እጁ አመልካች ጣት ግማሹ የለም። እኔ ሳልወለድ መጋዙ ወስዶታል። ልጅ ሳለሁ ስጠይቀው “አይጥ በላችብኝ” ይለኝ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ለብዙ ጊዜ አይጥ ስፈራ ኖሬያለሁ።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ከምንማራቸው ትምህርቶች አንዱ የሥራ ቦታ ደህንነት ነው። ለእረፍት ስንበተን መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። አንድ የሥራ ቦታ እንመርጣለን፤ ሠራተኞቹ ከጉዳት የሚጠብቃቸውና ለጉዳት የሚያጋልጣቸው ምን ምን ልማድ እንዳላቸው እንመለከታለን፤ ከዚያ አንዱን ልማድ አብረናቸው ለማሻሻል ሞክረን የሆነውን እንጽፋለን።

“ሰው ለመክሰስ አይደለም የምትሄዱት” አሉን። “ስም አትጻፉ። መጀመሪያ ሰውየው በደህና የሚሠራውን ንገሩት፤ የሚያሰጋውን ከዚያ በኋላ። የሚያሰጋ ነገር ስታዩ ደግሞ ‘ተው’ ከማለታችሁ በፊት ‘ለምን’ ብላችሁ ጠይቁ።”

ይህን በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፌ ከሥሩ አሰመርሁበት። እኔ የተባልሁትን የማሰምር ተማሪ ነኝ።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ዳንግላ ነው። እዚያ ሁለት ቀን ካደርሁ በኋላ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ሄድሁና አጎቴ ቤት አረፍሁ። የአጎቴ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ እየሰፋች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

“ምን ልትሠሪ ነው ያልሽኝ?”

“ሰዎች ሥራ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ላይ ነው፣ እትዬ። ጉዳት እንዳይደርስባቸው።”

“ቁጭ ብሎ ሰው ማየት ትምህርት ሆነ? የኛ ጎረቤትማ እስካሁን ዶክተር በሆነች።”

ሳቅን። ከዚያ ግን መኪናውን አቆመችና ከጎኗ ካለው የልብስ ክምር ውስጥ አንድ የአጎቴን ሸሚዝ መዝዛ አወጣች። የግራው እጅጌ ከእጅ አንጓው ላይ ካለው አምባር ጀምሮ ወደ ላይ ስንጥቅ ብሏል።

“ምስማር ያዘኝ ብሎኛል” አለች። “ምስማር ጨርቅ ሲይዝ ይቦጭቃል፤ ክሩን ይጎትተዋል። ይኸን እዪው፣ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ጨርቅ የቆረጠውንና የቀደደውን እኔ ልጣው?”



“ብጠይቀው ይስቃል። እዚያ ሄጄ እንዳልቆም ሥራ አለብኝ። አንቺ መቼም ልታዪ መጥተሻል፤ የሱን እጅ እዪልኝ። አንድ ጊዜ ሄዷል፤ የቀረውን ጠብቂልኝ።”

ሸሚዙን አጣጥፋ መልሳ ክምሩ ውስጥ ከተተችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የኔ ጭንቀት መምህሬ ሥራዬን ይወዱልኝ ይሆን ወይ የሚል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቤቱ ስገባ ሁሉም ሰው ፎቶ ሊነሳ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ከአጎቴ ጋር ሁለት ሰዎች ይሠራሉ። አንደኛው የተሰነጠቀውን እንጨት በትንሽ መላጊያ ማሽን የሚልግና የሚገጣጥም ወጣት አናጢ ነው። ሁለተኛዋ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገች ቀለም የምትቀባ ሴት ናት፤ አፏ እጅ አይሰጥም። የዚያን ዕለት አናጢው የፕላስቲክ መነጽሩን አጥልቆ፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀለም ቀቢዋ አፍንጫዋን በጨርቅ ሸፍናለች። አጎቴ ደግሞ ጣውላ የሚገፋው በእጁ መሆኑ ቀርቶ በመግፊያ ዱላ ሆኗል፤ ዱላው አዲስ ነው፣ ገና ሽታው አልለቀቀውም።

ወንበር ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ግራ ገብቶት ቆመ።

“ምን ሆናችኋል ዛሬ? ቴሌቪዥን ሊመጣ ነው?”

“ከዳንግላ ተቆጣጣሪ መጥታብን ነው” አለች ቀለም ቀቢዋ። “ዝም ብለህ ወንበርህን ተሸከም፤ አሸካከምህን ብትጽፈውስ?”

አናጢው እየተደናበረ ወደኔ መጣ።

“እህቴ፣ መነጽር ማድረጌን ጻፍሽ?”

“ጻፍሁ።”

“እንግዲያው ላውልቀው። ምንም አይታየኝም።”

ተው ልለው አፌን ከፈትሁና ያሰመርሁበት ነገር ትዝ አለኝ። ለምን እንደማይታየው ጠየቅሁት። አውልቆ አሳየኝ። በእንጅባራ ብርድ ትንፋሹ መስታወቱ ላይ ተኖ ጭጋግ ሠርቷል፤ የእንጨቱ ዱቄት ደግሞ ጭጋጉ ላይ ተለጥፏል። “ዓይኔን ላድን ብዬ ጣቴን ልስጥ?” አለኝ። እውነቱን ነው። እንዳለ ጻፍሁት።

ለታይታ የሚደረግ ነገር ብዙ ቀን እንደማይቆይ መምህራችን ነግረውን ነበር፤ እስኪረሷችሁ ጠብቁ ብለውናል። እኔም ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁና ከቀለም ቀቢዋ ጎን ተቀምጬ የወንበር እግር መፈግፈግ ጀመርሁ። እስከ ምሳ ድረስ መነጽሩ ግንባር ላይ ወጣ፤ ጨርቁ አንገት ላይ ወረደ፤ የመግፊያው ዱላ ግድግዳ ተደገፈ። ከሰዓት በኋላ እኔም ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኜ ከቤቱ እቃ አንዱ መሰልሁ። ማየት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ያየሁት ክፉ ብቻ አልነበረም። አናጢው መሮ ሲያቀብል ስለቱን ወደራሱ አዙሮ ነው የሚያቀብለው። ቀለም ቀቢዋ መተላለፊያው ላይ ሰጋቱራ ሲከማች ማንም ሳያዛት ትጠርጋለች። አጎቴ ጣውላ ከመሰንጠቁ በፊት ምስማር እንዳይኖርበት በመዳፉ ሙሉውን ይዳብሰዋል፤ ፈረስ የሚያሻሽ ነው የሚመስለው። እነዚህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። አናጢው “እኔ እኮ ይኸን ማድረጌንም አላውቅም” አለ።

የሚያሰጋውም አልጠፋም። የመጋዙ ሽፋን ተነቅሎ፣ ተገልብጦ፣ ምስማር ማስቀመጫ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹን የሚያጠፋቸው ሰው የለም፤ ሁሉም እጁን አራግፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መብራት ሲመለስ ማሽኖቹ በራሳቸው ጮኸው ይነሳሉ። “ቤቱ ውስጥ ያለነው እኛው ነን፣ መብራት ሲመጣም እኛው እንሰማለን” አለኝ አጎቴ ስጠይቀው።

እነዚህን ሁሉ ብጽፍም የእትዬ ሸሚዝ እንዴት እንደተቆረጠ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አጎቴ ማሽኑ ላይ ሲቆም ጠንቃቃ ነው። ዓይኑ ከመጋዙ አይነሳም። ታዲያ መቼ?

መልሱ በፈረስ መጣ።

አጎቴ የክርስትና አባት አለው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ወደ ገበያ ሲወርዱ ፈረሳቸውን ከሥራ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ባሕር ዛፍ ያስሩና የክርስትና ልጃቸውን ሳይጠይቁ አያልፉም። በአዊኛ ነው የሚነጋገሩት። እኔ እሰማለሁ እንጂ ስመልስ ምላሴ ይተሳሰራል። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ከልጆቹ ይጀምርና በከብቱ፣ በገብሱ፣ በዝናቡ በኩል አድርጎ ተመልሶ ልጆቹ ጋ ይደርሳል።

በዚያን ዕለት አጎቴ ረጅም ጣውላ እየሰነጠቀ ነበር። ጀርባው ለመንገዱ ነው። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላምታ ጀመሩ፤ በመጋዙ ጩኸት አልተሰማቸውም። ጠጋ ብለው ደገሙት። አሁንም አልተሰማም። በመጨረሻ ከኋላው ቀረቡና ትከሻውን መታ አደረጉት።

አጎቴ ዞረ። መላ ሰውነቱ ነው የዞረው፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል፤ ቀኝ እጁን ሊዘረጋ ከጣውላው አንስቷል፤ ወገቡ ጎንበስ ብሏል። ግራ እጁ ግን ገና ጣውላው ላይ ነው፣ መጋዙም ይዞራል። ጣውላው ተንሸራተተና ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። ግራ እጁ ተከትሎት ሄደ። መጋዙ አጠገብ ቆመ፤ በመጋዙና በእጁ መሀል አንድ መዳፍ እንኳ አይገባም ነበር።

ቀለም ቀቢዋ “እግዚኦ!” አለች። አጎቴ ወደ እጁ አልተመለከተም። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ትከሻቸውን እየሳመ ስለ ገብሱ ይጠይቃቸው ነበር።

ሲሄዱ ጠብቄ ሄድሁበት። 

“ጋሼ፣ አየኸው? እጅህ...”

“ምን ሆነ? አልነካኝም እኮ።”

“ለምንድን ነው ማሽኑን ሳታጠፋ የዞርኸው?”

የሰማው ነገር ሊገባው እንዳልቻለ ሰው አየኝ።

“የክርስትና አባቴ ናቸው እኮ፣ ልጄ። ከኋላዬ አቁሜያቸው ጣውላ ልግፋ? በዚህ ዕድሜዬ ባለጌ ልባል?”

ከዚያ በኋላ የምመለከተውን አወቅሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ያው ነው። ጎረቤት “እንደምን ዋላችሁ” ሲል፣ ቄስ ሲያልፉ፣ ደንበኛ ብቅ ሲል፣ አጎቴ ከመጋዙ ላይ ቀና ይላል፣ ጎንበስ ይላል፣ እጁ ከቆሸሸ ክንዱን ይዘረጋል። ማሽኑ ይዞራል። አናጢውም እንደዚያው ነው። እኔ ራሴ ጠዋት ስገባ ጮክ ብዬ ነበር እንደምን አደራችሁ የምለው፤ ከዚያ ወዲህ ድመት ሆኜ መግባት ጀመርሁ። እዚህ ቤት ጣት የሚያሰጋው ስንፍና ወይም ድፍረት ቢሆን ኖሮ ሥራዬ በቀለለ ነበር። ጨዋነትን እንዴት አድርጌ የሚያሰጋ ልማድ ብዬ ልጻፍ?

ያም ሆኖ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። በካርቶን ላይ በትልልቁ “ማሽን ላይ ያለን ሠራተኛ አያነጋግሩ” ብዬ ጻፍሁና ምሰሶው ላይ ሰቀልሁት። ጽሑፌ ቆንጆ ነበር፤ ዳርና ዳሩን በቀይ እስክርቢቶ አስጊጬዋለሁ። አጎቴ ቆሞ አነበበው። ምሳ በልተን ስንመለስ ግን ካርቶኑ ወርዶ፣ በጥንቃቄ፣ ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

“ጽሑፍሽ ያምራል” አለኝ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀ። “ግን ከቤቴ በር ላይ ‘አታነጋግሩን’ የሚል ይለጠፍ? አባቴ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳል።”

“ማንበብ የማይችለውም ዝም ብሎ ይገባል” አለች ቀለም ቀቢዋ። “ማንበብ የሚችለው ተቀይሞ ይሄዳል። ጥሩ ነገር ነው የሠራሽው፣ የኔ እህት፤ ገበያውን በአንድ ቀን ዘጋሽልን።”

አናጢው ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ እትዬ “እጁስ?” ብላ ስትጠይቀኝ ደህና ነው አልኋት።  ደህና የሆነው ግን ሰው እስኪመጣ ድረስ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እትዬና እኔ ከኋላ፣ አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች ከፊት ሆነን ቁልቁል እንሄድ ነበር። በፊት ለፊት ፈረስ መጣ። የክርስትና አባቱ ናቸው። ፈረሳቸው በቀይ ክርና በሚያብረቀርቅ ዘቦ አጊጧል፤ የሆነ ቦታ ተጠርተው መዘግየታቸው ያስታውቃል፣ ሶምሶማ ይጋልባሉ። ሽማግሌዎቹን እንዳዩ ልጓሙን ሳቡ። ፈረሱ ቆመ። እግራቸውን አዙረው፣ በዕድሜያቸው ምክንያት ቀስ ብለው፣ አንድ ጊዜም ኮርቻውን ተደግፈው ትንፋሽ ወስደው፣ ወረዱ። ልጓሙን ለአጎቴ ሰጡት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ተጀመረ።

ሁሌም የማየው ነገር ነው። ፈረሰኛ ወርዶ ሰላም ይላል፤ ትንሽ ትልቁ ያውቀዋል። ግን ያ ሳምንት ሰላምታን ብቻ ስመለከት የከረምሁበት ሳምንት ነበር፤ እንደ አዲስ አየሁት። ሰላምታው አልቆ ወደ እኛ ሲመጡ ጉልበታቸውን ስሜ ጠየቅኋቸው።

“አባባ፣ ቸኩለዋል አይደል? ፈረሱ ላይ ሆነው ሰላም ቢሉ ምን ነበረበት?”

ሳቁብኝ። “የዳንግላ ልጅ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ሰላም ስትል አድጋ!” አሉ ወደ እትዬ ዞረው። ከዚያ ለኔ ረጋ ብለው መለሱልኝ። “ፈረስ ላይ ሆኜማ፣ ፈረሱ ቢደነብር ልጓሙን ልያዝ ነው የሰውየውን እጅ? አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ሰውየውም ‘ንቆኝ ነው’ ይላል። ወርጄ ከሆነ ሁለት እጄም የሱ ነው።”

እትዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ያሰብሁትን እሷም አስባዋለች።

ራት ላይ አነሳሁት። አፌ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳላመጥሁት አላውቅም፤ መምህሬ ፊት የምቀርብ ይመስል ነበር።

“ጋሼ፣ መጋዙ ሲዞር አንተ ፈረስ ላይ ነህ።”

“ማ? እኔ?”

“አዎ። አባባ ሲመጡ ፈረስ ላይ ሆነህ ነው ሰላም የምትላቸው። ያውም ፈረሱ እየጋለበ። አንድ እጅህን ብቻ ነው የምትሰጣቸው፤ ሌላው ጣውላው ላይ ነው የሚቀረው። ማጥፊያውን ተጭነህ፣ መጋዙ እስኪቆም ጠብቀህ፣ ከዚያ ብትዞር መውረድህ አይደለም?”

 ጉርሻው እጁ ላይ ቆየ።

“መጋዙን ፈረስ አደረግሽው” አለ በመጨረሻ።

“ፈረስማ በምን ዕድሉ” አለች እትዬ። “ፈረስ ጣት አይበላም።”

“አንዳንዱ ይበላል።”

“እንግዲያው አይጧ ፈረስ ነበረች?” ስለው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሲበርድለት ግን ግራ እጁን ትሪው ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ትንሽ አያቸው። “ማሽን አጥፋ ሲሉኝ ሥራ ፍታ ያሉኝ ነበር የሚመስለኝ” አለ። “ወርደህ ሰላም በል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።”

አንድ ችግር ቀረ። አጎቴ ማሽኑን አጥፍቶ ቢዞርም፣ እንግዳው ከኋላ መጥቶ ትከሻውን ከመታው ያው ነው። ይህን ለክርስትና አባቱ የሚነግራቸው እሱ ራሱ መሆን ነበረበት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንደመጡ አጎቴን አየሁት፤ ቢቀየሙትስ? አጎቴ ማሽኑን አጠፋ፤ መጋዙ እየተጎተተ እስኪቆም ጠበቀ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ዞሮ በሁለት እጁ ሰላም አላቸው። ሰላምታው ከልጆቹ ተነስቶ ልጆቹ ጋ ተመልሶ እስኪደርስ ቸኮልሁ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መጋዙ ሲዞር ፈረስ ላይ እንደሆነና ከኋላ ሲነኩት እንደሚያሰጋው ነገራቸው። እኛ እንድንሰማ በአማርኛ ነበር የነገራቸው።

ሽማግሌው መጋዙን አዩት። የአጎቴን አጭር ጣት አዩት።

“የሰው ፈረስ ከኋላው ስመታ ኖሬያለሁ በለኛ” አሉ። “ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልኸኝ?”

“ምን ብዬ ልናገር፣ አባባ?”

“ይኸንኑ ነዋ!” አሉና በባርኔጣቸው ትከሻውን መቱት። “የት ልቁም ታዲያ? አሳየኝ።”

በሩ አጠገብ ያለውን ምሰሶ አሳያቸው። ማሽኑንም በማግስቱ አናጢውና እሱ ተጋግዘው አዞሩት፤ አሁን አጎቴ ሲሠራ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። የሚመጣ ሰው ምሰሶው ጋ ይቆማል፤ አጎቴ በዓይኑ ያየዋል፤ የያዘውን ጣውላ ይጨርሳል፤ ያጠፋል፤ ይወርዳል። እኔ ስጽፈው “ያጠፋል” እላለሁ፤ እዚያ ቤት ግን የሚባለው “ይወርዳል” ነው።

በአንድ ቀን አልሆነም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አጎቴ ሰው ሲያይ እጁ ብድግ ይልበት ነበር። ያን ጊዜ ቀለም ቀቢዋ ከጥግዋ ሆና “ጋሼ፣ ይውረዱ!” ብላ ትጮኻለች። አንድ መስኮት ያዘዘ ደንበኛ ከየት ነው የሚወርዱት ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ትዝ ይለኛል። እሷ ራሷ ደግሞ አናጢው ሲዘነጋ “አንተ ጎረምሳ፣ ከበቅሎህ ውረድ” ትለዋለች፤ የሱ መላጊያ ማሽን ትንሽ ስለሆነ ፈረስ አይባልም። ሽፋኑም ምስማሩ ተራግፎለት ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ወፍራም እንጨት ሲመጣ ግን ስለማይመች አጎቴ አሁንም ያነሳዋል። መነጽሩ እስከ መጨረሻው ግንባር ላይ ነበር። ሁሉም ተሳካ ብዬ ብጽፍ መምህሬ ደስ ይላቸው ይሆናል፤ ግን ያየሁትን ነው የጻፍሁት።

እረፍቴ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ቀኔ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ መነጋገር አልተቻለም። ወዲያው መብራት ጠፋ። መጋዙ ቀሰስ እያለ ቆመ። አናጢው እንደ ልማዱ እጁን አራግፎ ዝናቡን ሊያይ ወደ በሩ ሄደ። በዚሁ መሀል የክርስትና አባትየው በዝናብ ርሰው፣ ፈረሳቸውን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አስጠግተው፣ ምሰሶው ጋ መጥተው ቆሙ። ማሽን ባይሠራም ምሰሶው ጋ ነው የቆሙት።

አጎቴ ሊሄድላቸው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆም አለ። ዞረ። በጨለማው ውስጥ ወደ ማሽኑ ተመልሶ ማጥፊያውን በመዳፉ ተጫነው።

“ጋሼ፣ ፈረሱ እኮ ተኝቷል” አለ አናጢው።

“ቢተኛም ልውረድ” አለ አጎቴና ሄዶ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

ዝናቡ እስኪያባራ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ቀዝቅዟቸዋል፤ ጉልበታቸውም ደክሟል። የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ በር ተጋድሟል። ስለዚህ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አድርገው፣ ሰላምታቸውን ቀጠሉ። ጠረጴዛው ሁልጊዜ የሚደገፉት ነገር ይመስል ነበር። ባዝራዋ ወልዳለች። ውርንጭላው ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ገብሱ ደህና ነው፣ ይኸ ዝናብ ካልመታው። እኔ የወንበሩን እግር ይዤ እጃቸውን አያለሁ። እርጥብ ነው፤ ጣቶቻቸው ከመጋዙ ብዙ አይርቁም።

መብራቱ መጣ።

በሩ ላይ ያለው አምፖል በራ፤ ሬዲዮው ከመሀል ቃል ጀመረ፤ ጥግ ላይ አናጢው ትቶት የሄደው መላጊያ ማሽን በራሱ ጮኸ። ሁላችንም ዘለልን። ቀለም ቀቢዋ ብሩሿን ጣለች። ፈረሱ ውጭ አናፋ።

መጋዙ አልተንቀሳቀሰም።

ሽማግሌው የሚጮኸውን መላጊያ ዞረው አዩት፤ እጃቸው ከጠረጴዛው አልተነሳም፤ ምንም እንዳለፋቸው አላወቁም። አጎቴ ግን አወቀ።  ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጃቸውን ቀስ አድርጎ አንስቶ በሁለት እጁ መሀል አስገባውና “የውርንጭላው እናትስ ወተቷ ደህና ነው፣ አባባ?” ብሎ ጠየቃቸው። አናጢው ሮጦ ሄዶ መላጊያውን አጠፋ። አጥፍቶም ማጥፊያው ላይ እጁን እንደጫነ ለትንሽ ጊዜ ቆየ።

ማታ እቃዬን ስሸክፍ እትዬ ሸሚዙን ጨርሳ አመጣችው። የተሰነጠቀውን እጅጌ አውጥታ፣ አዲስ ጨርቅ አስገብታ፣ አምባሩን እጅ ላይ ጥብቅ እንዲል አጥብባዋለች። አጎቴ እዚያው ቆሞ ለካው። ግራ እጁ በአዲሱ እጅጌ ውስጥ ገብቶ በወዲያ በኩል ወጣ፤ እትዬ ይዛ ገለባበጠችው፣ ቁልፉን ቆለፈችለት፣ ግን ቶሎ አልለቀቀችውም።

“ዛሬስ ሥራ ቤት ምን ነበር?” አለችን።

አጎቴ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት።

“ምንም” አልናት ሁለታችንም፤ አጎቴ መሳቅ ጀመረ።